ለምግብ ወዳዷ እናቴ ትንሽ መርከብ፦ ክሮኤሺያ የሄደ አለ?

ሀና ዘፍራንክፈርት | ሰኔ 4፣ 2017

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እናቴ በዚህ ክረምት ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ትመጣለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። አሁን ዘግታ አርፋለች። ምላሷ ግን አላረፈም። ሌላ ሰው የሠራውን አንዴ ትጎርስና «ቁሌቱ አልበሰለም» ትላለች። ሠርግ ቤትም ቢሆን ትላለች።

65 ዓመት ሊሞላት ነው። እኔና እህቴ አዋጥተን አንድ ሳምንት መርከብ ላይ ልናንሸራሽራት አሰብን። ሦስት ሺህ ሰው ሰሃን ይዞ ለቡፌ የሚሰለፍበትን ግዙፉን ክሩዝ አይደለም። ዓይናችን ያረፈው ክሮኤሺያ፣ የዳልማቲያ ጠረፍ ላይ በሚሄዱት ትንንሽ መርከቦች ነው። ከስፕሊት ይነሳል፤ ሕቫር፣ ኮርቹላ፣ ምልየት እያለ ደሴቶቹን አዳርሶ ይመለሳል። ተሳፋሪው ከሃያ እስከ ሠላሳ ምናምን ቢሆን ነው። ማስታወቂያው «ለምግብ ወዳዶች» ይላል። ወይን ቅምሻ፣ ኦይስተር የሚሉት ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት፣ የገበያ ጉብኝት፣ ምኑ ቅጡ።

ምግቡ እውነት ነው ወይስ ወሬ? ደግሞ እናቴ ጾመኛ ናት፤ ያየነው ሳምንት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ዋናም አትችልም። የሄዳችሁ ሰዎች የደረሰባችሁን ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ሽሮ በጀልባ | ሰኔ 4

እኔና ባለቤቴ ሁለቴ ሄደናል። አንዱ ልብ የሚያርስ ነበር፤ አንዱ እርር ድብን ያደረገን።

ከመጥፎው ልጀምር። እሱም «ለምግብ ወዳዶች» ተብሎ ነው የተሸጠልን። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ምሳ ላይ የመጣልን ከፍሪዘር የወጣ ሽኒትዝል (በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበስ ሥጋ) ከተጠበሰ ድንች ጋር ነው። በሦስተኛው ቀንም ያው። ከመርከቡ ጎን ዓሣ አጥማጅ ቆሞ ዓሣ ይሸጣል፤ እኛ ሽኒትዝል እናኝካለን። ወይን ቅምሻ የተባለው ደግሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆመን በፕላስቲክ ብርጭቆ የቀመስነው ነው።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚኝ። እነዚህ መርከቦች አብዛኞቹ የሚሸጡት እናንተ ጀርመን ያላችሁት ሃልብፔንዚዮን በምትሉት መንገድ ነው። ቁርስና ምሳ መርከቡ ላይ ነው፤ እራት በራስሽ ኪስ ወደብ ላይ። መርከቡ ማታ ወደብ ገብቶ ያድራል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይከፋዋል። እኔ ግን ለምግብ ወዳድ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው እላለሁ። በየማታው ሌላ ደሴት፣ ሌላ ምግብ ቤት፣ ሌላ ሴትዮ ወጥ ቤት።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ምሳውን የሚያበስለው ማነው? ዓሣና አትክልቱን በየወደቡ ይገዛል ወይስ የሳምንቱን ስፕሊት ላይ ጭኖ ነው የሚነሳው? እነዚህን ሲመልሱ ከተንተባተቡ ስልኩን ዝጊ። ሁለተኛው መርከባችን ላይ የካፒቴኑ አጎት ነበር የሚያበስለው። ጠዋት ጠዋት ዘንቢል ይዞ ሲወርድ እናየው ነበር። ልዩነቱ ዘንቢሉ ነው።

የወደብ ክፍያና የቱሪስት ግብር ለብቻው መርከቡ ላይ ይከፈላል። መጠጥም እዚያው ነው የሚገዛው፤ የራስሽን ውኃ እንኳ ይዘሽ መግባት የማይወዱ አሉ።

ጡረተኛው ከስቶክሆልም | ሰኔ 5

ልጄ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከስፕሊት ወደ ደሴቶቹ በየቀኑ ፌሪ አለ። ትኬቱ ለአንድ ሰው ጥቂት ዩሮ ነው። ሁለት ደሴት መርጣችሁ ቤት ተከራዩ። እናትሽ ጠዋት ገበያ ወጥታ ትግዛና ራሷ ታብስል። ባለሙያ ሴት አይደለችም እንዴ? መርከብ ላይ ታስራ የሰው ሽኒትዝል ከምትበላ።

ሀና ዘፍራንክፈርት | ሰኔ 5

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት አብስላለች እኮ። ለልደቷ ሌላ ወጥ ቤት ልከራይላት? ጉልበቷንም ያማታል። ሻንጣ ይዛ ፌሪ መውረድ መውጣት አትችልም። መርከቡን የወደድነው አንዴ ካቢን ውስጥ ሻንጣ ከተፈታ ሳምንቱን ሙሉ ስለማይነሳ ነው።

ጡረተኛው ከስቶክሆልም | ሰኔ 5

የጉልበቱን አላወቅሁም። እሱ ልክ ነሽ። ስለ ዋጋው ግን አሁንም ከአቋሜ ፍንክች አልልም።

ፍቅርተ ጾመኛዋ | ሰኔ 5

ሀንዬ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ አይደለም እንዴ! ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጁ ከኦገስት 7 እስከ 21 ማለት ነው። እናትሽን ፍልሰታን መርከብ ላይ ልታስፈቺያት ነው? ከዚያ ላይ ሙቀቱ፣ ወደቡም በሰው የተጨናነቀበት ጊዜ ነው። መስከረም አድርጉት። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፤ ወይኑ የሚለቀምበትም ሰሞን ነው። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀርሻል።

ለሁለቱ ቀን ደግሞ አትጨነቂ። እኔ በአውቶቡስ ነው ያየሁት፣ በመርከብ አይደለም። ዳልማቲያ ውስጥ ከዓሣ ጎን የማይጠፋው ማባያ ብሊትቫ ይባላል። ሲመጣልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቆስጣ በድንች ነው! የእኛው ቆስጣ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት። ከርቤ ቢኖረኝ አጥኜ እበላው ነበር።

ሌላው ሶፓርኒክ ነው። ከስፕሊት በስተ ምሥራቅ ፖልዪትሳ የሚባል አካባቢ አለ፤ የእነሱ ምግብ ነው። ሁለት ስስ ሊጥ መካከል ቆስጣና ሽንኩርት ተደርጎ ምድጃ ላይ ይጋገራል፤ ፍሙንና አመዱን ከላይ ይጭኑበታል። ሲወጣ ወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይቀባል። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው። ካቶሊኮቹም ድሮ የሚጋግሩት ለጾማቸው ነበር። አሁን ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ስፕሊት ገበያ ጠዋት ይሸጣል።

ብቻ ፕርሹት የሚሉት ነገር አለ፤ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው፣ በሁሉም ሰሃን ላይ ጣል ያደርጉታል። ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አቤል ዘዲሲ | ሰኔ 6

ኦይስተር ለጾም ይሆናል ወይ? ደም የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ 😄

ፍቅርተ ጾመኛዋ | ሰኔ 6

እኛ ቤት ለፍስክም አይሆን። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም ብለን ነው ያደግነው። ኦክቶፐሱም፣ ስኩዊዱም፣ በስኩዊድ ቀለም የሚሠሩት ጥቁር ሩዝም እንደዚያው። የሚበላ ይብላ፤ አልፈርድም። እናቷን ግን አታሳቅቋት።

ሽሮ በጀልባ | ሰኔ 6

የኦይስተሩን ነገር እኔ በላተኛው ልናገር። ፔልየሻትስ የሚባል ረጅም ልሳነ ምድር አለ፤ ሥሩ ላይ ማሊ ስቶን የምትባል መንደር። ከጀልባ ላይ በገመድ ስበው ያወጡልሻል፤ እዚያው በቢላ ፈልቅቀው ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል። እኔ ስድስት በላሁ፤ ባለቤቴ አንዱን ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። የአገሩ ሰዎች ግን የሚጥመው መጋቢት ላይ፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓላቸው ሰሞን ነው ይላሉ። በመስከረም ጣዕሙ ይሄን ያህል ካላስደነቀሽ አትፍረጂበት።

ለማይበላ ሰው ከኦይስተሩ ይልቅ እዚያው አጠገብ ያለው የስቶን ጨው ማምረቻ ይሻላል። የባሕር ውኃ ገንዳ ላይ ያሰጡታል፤ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል። የድሮዎቹ የዱብሮቭኒክ ገዢዎች ያንን ጨው ለመጠበቅ ብለው ያሠሩት የድንጋይ ግንብ ተራራውን ወጥቶ ይወርዳል፤ ዛሬም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ቆሟል። ለጨው ያን ያህል! አሞሌ የምናውቅ ሰዎች ግን ይገባናል።

አሁን ወደ ዋናው። ፔካ። ሀና፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን አትርሺ። የጥጃ ወይም የበግ ሥጋ ከድንች ጋር ትሪ ላይ ይደረጋል፤ የብረት ክዳን ይደፋበታል፤ ፍሙ ክዳኑ ላይ ይቆለላል። ድፎ ዳቦ በይው፣ እሳቱ ከላይም ከታችም። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጠዋት ደውሎ ያላዘዘ ማታ አያገኝም። ጥሩ ካፒቴን ገና ከወደብ ሳይነሳ «ዛሬ ማታ ፔካ የሚፈልግ?» ብሎ ይጠይቅና ይደውልላችኋል። የእኛ መጥፎው መርከብ ካፒቴን ስለ ፔካ ስጠይቀው ስልኩን እያየ ትከሻውን ነቀነቀ።

አቤል ዘዲሲ | ሰኔ 6

እኔ ዲሲ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፤ ወይኑን ለእኔ ተዉልኝ።

አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ «የእኔ ነው» ብላ የምትኮራበት ዚንፋንዴል የሚባል ቀይ ወይን አለ። ከየት እንደመጣ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ነበር። በፈረንጆቹ 2001 በዘር ምርመራ ሲታይ ስፕሊት አጠገብ ካሽቴላ ውስጥ ከተገኘ ጥቂት አሮጌ ተክል ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ጽርልየናክ ካሽቴላንስኪ ይሉታል። ደንበኛ ፊት ይህን ስም ለመጥራት ሞክሬ አፍሬያለሁ። የዚህ ልጅ ነው አሁን ዳልማቲያን የሞላው ቀይ ወይን፣ ፕላቫትስ ማሊ። ምርጡ ከዲንጋች ይመጣል፤ ፔልየሻትስ ላይ ወደ ባሕር ቁልቁል የወረደ ገደል ነው። ጠንከር ይላል፣ ተጠንቀቁ።

ኮርቹላ ላይ ሉምባርዳ መንደር ደግሞ ግርክ የሚባል ነጭ ወይን አለ። አበባው ሴት ብቻ ነው። ብቻውን ቢተክሉት አያፈራም፤ ስለዚህ ጎኑ ፕላቫትስ ይተክሉለታል። ሲጠጡት ይሄን ታሪክ ከማን እንደሰማችሁ አስታውሱ።

እናትሽ ጠጅ የምትቀምስ ከሆነ ፕሮሼክ አስቀምሻት። ከደረቀ የወይን ፍሬ የሚጠመቅ ጣፋጭ ነው። አገሬው ቀዩን ወይን በውኃ አቅጥኖ ይጠጣል፤ ቤቫንዳ ይለዋል፤ ማንም አይስቅበትም።

ቪዛ ያቃጠለው | ሰኔ 7

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እናትሽ የምትመጣው በሸንገን ቪዛ ነው አይደል? ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ዩሮም ያን ዕለት ነው የጀመረችው። ከጀርመን መብረር ችግር የለውም። ግን ቪዛዋ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ የመርከቡን ፕሮግራም በደንብ አንብቢ። አንዳንዱ የሞስታር ጉብኝት፣ አንዳንዱ የኮቶር ጉብኝት ይጨምራል። ሞስታር ቦስኒያ ናት፣ ኮቶር ሞንቴኔግሮ። ከሸንገን ወጣች ማለት ነው፤ መመለሻ የላትም።

ድሮ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በመኪና ሲኬድ የቦስኒያን መሬት ማለፍ ግድ ነበር። በ2022 የፔልየሻትስ ድልድይ ተከፍቶ እሱ ቀርቷል። አውቶቡሱ ግን በየት በኩል እንደሚሄድ ጠይቂ። እኔ የተቃጠልኩት ሌላ አገር ነው፤ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ስሙን የማውጣት ፍላጎት የለኝም።

የጣና ልጅ | ሰኔ 8

ዘጌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ምልየት ስደርስ እንባዬ ነው የመጣው። ደሴቷ ላይ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ደሴት፣ እሷ ላይ ገዳም። በጀልባ ነው የምትሻገሩት። ጀልባው ሲነሳ ክብራን ገብርኤል የምሄድ መሰለኝ። እዚህ ግን ሴቶችም ይገባሉ። እናትሽ ወንዶች ብቻ የሚሳለሙትን ከሩቅ ስታይ ከኖረች ይሄን ትወደዋለች። መነኮሳቱ የሉም አሁን፤ ድንጋዩና ጸጥታው ነው ያለው።

ስለ ዋና፤ መርከቡ በየቀኑ ወሽመጥ ላይ ቆሞ ሰዉ ይዘላል። የማይችል ሰው መሰላሉ ላይ እግሩን ነክሮ ይቀመጣል። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ የጣና ልጅ ሆኜ።

ወይንሸት ከሙኒክ | ሰኔ 8

እንቁጣጣሽን መርከብ ላይ ለማክበር ያሰባችሁ ካላችሁ ከእኛ ተማሩ። ጀበናውን፣ ሲኒውን፣ ረከቦቱን፣ ዕጣኑን፣ ከሰሉን ሁሉ ተሸክመን ሄድን። የላይኛው መቀመጫ ላይ ቄጤማ የመሰለ ነገር ጎዝጉዘን ከሰሉን ለኩሰን ዕጣን ጣል ስናደርግ ካፒቴኑ እንደ እብድ ሮጦ መጣ። ባልዲ ውኃ ይዟል። ለካ መርከቡ እንጨት ነው! እኛ ስለ ቡናው እንጂ ስለ እንጨቱ አላሰብንም። ወጥ ቤቱ ውስጥ በጋዝ አፈላነው፤ ካፒቴኑ ሦስተኛውን ጠጥቶ ታረቀን።

በርበሬና ሚጥሚጣ ያዙ። ለዓሣው ሚጥሚጣ።

ሀና ዘፍራንክፈርት | ሰኔ 9

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወደ መስከረም አዛወርነው። ከመስከረም 3 ቅዳሜ እስከ መስከረም 10 ቅዳሜ፣ ስፕሊት ተነስቶ ስፕሊት የሚመለስ፤ ሞስታርም ኮቶርም የለበትም። ስልክ ደውዬ ማን ያበስላል ስላቸው ሴትዮዋ ሳቀችና «አማቴ» አለችኝ። እሱን ያዝን።

ሽሮ በጀልባ | ሰኔ 9

አማት ከሆነ ይሁን። ስትመለሺ ሪፖርት!

ሀና ዘፍራንክፈርት | መስከረም 15፣ 2018

ተመለስን። ሪፖርት ብላችኋል፣ ይኸው።

የመጀመሪያው ቀን ዩጎ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ተነሳ። ካፒቴኑ መንገዱን ቀይሮ ቪስ የሚባለውን ደሴት ሰረዘው። እህቴ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመለሳት። እናቴ ምንም። ዝንጅብል እያኘከች «ከጎጃም አውቶቡስ አይብስም» አለች።

ወደብ ስንገባ ያልነገራችሁኝ ነገር አለ። መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚቆሙት። የእኛ አምስተኛ ከሆነ ምድር ለመርገጥ በሌሎች አራት መርከቦች ላይ አልፈሽ ነው የምትወርጂው። እራት የሚበሉ ሰዎች መሀል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እየተሻገረች ለእያንዳንዱ ገበታ «መልካም ገበታ» ትላለች በአማርኛ። በሦስተኛው ማታ ላይ ሰዎቹ ገና ስትመጣ ተነስተው እጇን ይይዙላት ጀመር። ጉልበቷን ፈርቼ ነበር፤ አንድም ቀን አላማረረችም።

ምሳው ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ አልልም። ሰኞ የመጣው ሰርዲን ከሰል ላይ የተጠበሰ ነው፤ ሚጥሚጣው እዚያ ላይ አለቀ። ጥቁሩ ሩዝ ሲመጣ እናቴ ሰሃኑን አየችና «ይሄ ቀለም ነው» ብላ ገፋችው። እኔ በላሁት፤ ጥርሴ ሁለት ሰዓት ጠቁሮ ዋለ። ኦይስተሩን እህቴ ብቻ ሞከረች።

ረቡዕ ብሊትቫ መጣ። ፍቅርተ፣ ቆስጣ በድንች ብለሽ አስጠንቅቀሽኝም እንኳ ደነገጥሁ። እናቴ ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ወደ ወጥ ቤቱ ወረደች። ቋንቋ የላቸው። አማቲቱ ክሮኤሽኛ፣ እናቴ አማርኛ። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ወጣች። «ነጭ ሽንኩርቱን ከድንቹ ጋር አብራ ነው የምትጨምረው፤ ነገርኳት» አለች። በማግስቱ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አገኘኋት። ላሳርፋት ብዬ ይሄን ሁሉ ገንዘብ!

ፔካውን ሐሙስ ማታ ኮርቹላ ላይ፣ ከወደቡ ወጣ ያለ የገበሬ ቤት በላን። የጥጃ ሥጋ። ክዳኑ ሲነሳ የወጣውን ሽታ እዚህ መጻፍ አልችልም። እናቴ ሰውየው ፍሙን እንዴት እንደሚያደርገው ለማየት ወንበሯን ምድጃው አጠገብ አስጠግታ ነው የጠበቀችው። ወይኑን ጨርሶ አልነካችም። ፕሮሼክን ግን፣ አቤል፣ ሁለት ብርጭቆ።

ጡረተኛው ከስቶክሆልም | መስከረም 15

እንኳን ደህና ገባችሁ። በመጨረሻ ስለ ምግቡ ምን አለች? እሱን ዘለልሽው።

ሀና ዘፍራንክፈርት | መስከረም 16

«ቁሌት አያውቁም» አለች ጋሼ። አውሮፕላኑ ላይ ሦስት ጊዜ አለችው።

ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ከመርከብ እንደወረድን ስፕሊት ገበያ ሶፓርኒክ ገዝተን ነበር። በልተን ጨረስነው ብዬ ነበር። ፍራንክፈርት ገብተን ቦርሳዋን ስፈታላት ሁለት ቁራጭ በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ከነጠላዋ ሥር አገኘሁ። «ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ ነው፣ ትቅመሰው» አለች። አዲስ አበባ የምትመለሰው ገና ኅዳር ላይ ነው።

ጡረተኛው ከስቶክሆልም | መስከረም 16

የመርከቡን ዋጋ በውስጥ መስመር ላኪልኝ እስቲ። ለባለቤቴ ነው።